ክህነት በአጥንት ይወረሳልን?

በጥንታዊው በእስራኤል ጉባኤ አንድ ሰው ወደ መሠዊያው ለመቅረብ ሲፈልግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ ነበር። ዕውቀቱም ሆነ ጸሎቱ የሚመረመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከያዕቆብ 12 ልጆች መካከል ከሌዊ ካልተወለደ በቀር ማንም ደብተራ ኦሪትን መሸከም አይችልም ነበር፤ ከሌዊም ተወልዶ ከአሮን ቤት ካልሆነ ዕጣን ለማጠንና መሥዋዕት ለመሠዋት አይፈቀድለትም ነበር። ከይሁዳ ነገድ የተወለደ ንጉሥ እንኳ ዘውድ ደፍቶ በዙፋን ሲቀመጥ ጽና ለመያዝ ሥልጣን አልነበረውም። ንጉሥ ዖዝያን ይህን ተላልፎ ሊያጥን ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋራ ሆኖ ተቃወመው፤ ንጉሡም በግንባሩ ላይ ለምጽ ወጥቶበት እስከ ዕለተ ሞቱ ከሰው ተለይቶ ኖረ (2ኛ ዜና መዋ. 26)።

ይህን ሥርዓት ያቆመ እግዚአብሔር መሆኑን እናምናለን። እግዚአብሔር ለሰው ፊት የማያዳላ መሆኑንም እናምናለን። እነዚህን ሁለቱን በአንድነት የያዘ ሰው ጥያቄ ሳይነሣበት አይቀርም፤ ይኸውም፥ እግዚአብሔር የማያዳላ ከሆነ ስለ ምን አገልግሎቱን በትውልድ ወሰነው? ሰውስ ራሱ ባልመረጠው ልደቱ ሊከበር ወይም ሊናቅ ይገባዋልን? የሚል ነው።

ጥያቄው የኦሪት ዘመን ሰዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ደብር፥ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ አንድ ወጣት ለዲቁና እንዲላክ ታስቦ ነበር። ወጣቱ ንባቡን ከነዜማው ያደላደለ፥ ዳዊት በቃሉ የሚደግም፥ በጠባዩም ማንም ነቀፋ ያላገኘበት ነበር። መምህሩ መስክረውለት ጉባኤው ሊስማማ ሲል አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተነሥተው፥ «ለመሆኑ አጥንቱ ተቈጥሯልን? አባቱ እኮ ቀጥቃጭ ነው» አሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ንባቡም ሆነ ስለ ምግባሩ ቃል የተናገረ አልነበረም። ጉዳዩ ይቈይ ተባለ፤ እንደ ቈየም ቀረ። እኛም በዚያ ጉባኤ ተቀምጠን ነበር። ሽማግሌውን ስላከበርን፥ እውነቱን ለመናገርም ስለ ፈራን፥ ዝም አልን። ወጣቱ ዳዊቱን በማኅደሩ አድርጎ ወደ አባቱ ወናፍ ተመለሰ። ዛሬ የምንጽፈው በዚያን ቀን ልንናገረው ሲገባን ያልተናገርነውን ነው።

1. የተመረጠው ነገድ አስቀድሞ የተረገመ ነበር

የሌዊ ነገድ ለክህነት የተመረጠው አባቱ ከወንድሞቹ ይልቅ የተመሰገነ ስለ ነበረ ነውን? መጻሕፍት ይህን አያስረዱም። ሌዊ ከወንድሙ ከስምዖን ጋራ ስለ እኅታቸው ስለ ዲና ተቈጥቶ የሴኬምን ሰዎች በተንኰል የገደለ ነው (ዘፍ. 34)። ስለዚህም ያዕቆብ የሚሞትበት ጊዜ ቀርቦ ልጆቹን በሰበሰበ ጊዜ የሁለቱን ቍጣ ረገመ፤ በእስራኤልም መካከል ተከፋፍለው እንደሚበተኑ ተናገረባቸው (ዘፍ. 49)። እንግዲህ አጥንት ተቈጥሮ ቢሆን ኖሮ መሠዊያው ይገባ የነበረው ለበኵሩ ለሮቤል ወይም በአባቱ ዘንድ ለተወደደው ለዮሴፍ ነበር እንጂ አባቱ ለረገመው ለሌዊ አልነበረም።

የያዕቆብ ቃል በሁለቱም ወንድማማች ነገዶች ላይ ተፈጽሟል፤ አፈጻጸሙ ግን ለየቅል ሆነ። ስምዖን በይሁዳ ርስት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ የራሱ የሆነ የተለየ ድንበር አላገኘም (ኢያሱ 19)። ሌዊም በነገዶቹ ሁሉ መካከል በ48 ከተሞች ተበተነ (ኢያሱ 21)፤ የእርሱ መበተን ግን ገበሬ ዘሩን በእርሻው ላይ እንደሚበትነው ሆነ፤ በሄደበት ሁሉ ሕግን የሚያስተምር፥ ንጹሑን ከርኩሱ የሚለይ ሰው ተገኝቶበታልና።

ይህ ልዩነት ከወዴት መጣ? ሕዝቡ በሲና ተራራ ግርጌ ለወርቁ ጥጃ በሰገዱ ጊዜ ሙሴ በሰፈሩ ደጅ ቆሞ ለእግዚአብሔር የሚወግን ሁሉ ወደ እርሱ እንዲመጣ ጠራ፤ የመጡትም የሌዊ ልጆች ነበሩ (ዘጸ. 32)። አባታቸው በሴኬም ለገዛ ቍጣው የመዘዘውን ሰይፍ እነርሱ ለገዛ ወገናቸው ሳያደሉ ለእግዚአብሔር ታጠቁት። ከዚያም በኋላ በሰጢም ሕዝቡ ወደ ብዔል ፌጎር ባዘነበለ ጊዜ ምድያማዊቱን ሴት በጉባኤው ፊት ይዞ የገባው ዘንበሪ ከስምዖን ቤት አለቆች አንዱ ነበር፤ ተነሥቶ መቅሠፍቱን ያስቆመው ደግሞ የአሮን የልጅ ልጅ ፊንሐስ ነው (ዘኍ. 25)። የመጀመሪያው ቈጠራ ሲደረግ የስምዖን ሰልፈኞች 59,300 ነበሩ፤ በሁለተኛው ቈጠራ ግን 22,200 ብቻ ተገኙ። ሌዋውያን ለብቻቸው ከአንድ ወር ሕፃን ጀምሮ ሲቈጠሩ በመጀመሪያው 22,000፥ በሁለተኛው 23,000 ሆነዋል (ዘኍ. 1፤ 3፤ 26)። አንድ አባት፥ አንዲት እናት፥ አንድ ርግማን ያገናኛቸው ሁለት ነገዶች እንዲህ ተለያዩ። ስለዚህ የሌዊ ነገድ መጀመሪያው ራሱ የሚመሰክረው አጥንት የሰውን ፍጻሜ እንደማይወስን ነው።

በዚህም ላይ ጥጃውን በእጁ ያበጀው አሮን መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሊቀ ካህናት ሆኖ ለሌላው ኃጢአት ከመሠዋቱ በፊት አስቀድሞ ስለ ራሱ ኃጢአት እንዲሠዋ ታዝዟል (ዘሌ. 9)። የክህነት አባት ክህነቱን የጀመረው በንስሐ ነው።

2. ትውልድ ለርስት ወይስ ለዕዳ?

ክህነት በአንድ ነገድ ስለ ምን እንደ ተወሰነ ኦሪት ራሷ ምክንያቱን ትነግረናለች። በግብፅ የግብፃውያን በኵሮች ሲሞቱ የእስራኤል በኵሮች በደም ምልክት ከሞት ተረፉ፤ ስለዚህም ከየቤቱ በኵር ሆኖ የሚወለደው ሁሉ የእግዚአብሔር ገንዘብ ሆነ (ዘጸ. 13)። በኋላም እግዚአብሔር በበኵሮች ፈንታ ሌዋውያንን ወሰደ። ልውውጡም በግምት የተደረገ አይደለም፤ በነፍስ ወከፍ ተቈጥሯል። የእስራኤል በኵሮች 22,273፥ ሌዋውያኑ 22,000 ሆነው ስለ ተገኙ፥ ምትክ ያጡት 273 በኵሮች እያንዳንዳቸው በ5 ሰቅል ብር ተዋጁ፤ ድምሩም 1,365 ሰቅል ሆኖ ለአሮንና ለልጆቹ ተሰጠ (ዘኍ. 3)።

አንባቢ ይህን ቍጥር በጥቂቱ ያስተውለው። ሌዋዊ ማለት ስለ ሌላ ሰው ልጅ የተሰጠ ምትክ ማለት ነው። በሰፈሩ ውስጥ ሌዋዊውን ያየ እስራኤላዊ ሁሉ፥ ይህ ሰው የቆመው በልጄ ስፍራ ነው ብሎ ማሰብ ነበረበት፤ ሌዋዊውም በበኩሉ፥ እኔ የቆምሁት በእነዚህ ስፍራ ነው ብሎ ማሰብ ነበረበት። ከዚህ ውስጥ ለትዕቢት የሚሆን ነገር ይገኛልን? ትውልዱ የጫነበት ዕዳን ነው።

በአገራችን የርስት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ እስኪቀር ድረስ ሰው አባትና አያቱን ቅድመ አያቱን የሚቈጥረው መሬት ለማግኘት ነበር። በዳኛ ፊት ቆሞ ትውልዱን ሲዘረዝር ልቡ ያለው ከዝርዝሩ መጨረሻ ከሚገኘው መሬት ላይ ነበር። በእስራኤልም ዘንድ የሌሎቹ ነገዶች ነገር እንዲሁ ነው፤ የምናሴ ወይም የብንያም ልጅ አባቶቹን ቢቈጥር ርስቱን ያገኛል። ሌዋዊው ግን አባቶቹን የሚቈጥረው ርስት እንደሌለው ለማስረዳት ነበር፤ ርስቱ እግዚአብሔር እንደሆነ ተነግሮታልና (ዘኍ. 18)። ለማደሪያና ለከብት ማሰማሪያ የሚሆን ከተማና መሰምርያ ተሰጠው፤ የሚያርሰው እርሻ ግን አልተሰጠውም። የሚኖረው ከወንድሞቹ በሚያገኘው ዐሥራት ሲሆን፥ ከዚያው ዐሥራት ደግሞ ዐሥራት አውጥቶ ለካህናት ይሰጥ ነበር። ኦሪት ዘዳግም በየሦስተኛው ዓመት የሚከማቸውን ዐሥራት እንዲበሉ የምታዝዝላቸውን ሰዎች ስትዘረዝር ሌዋዊውን ከመጻተኛው፥ ከድኻ አደጉና ከመበለቲቱ ጋራ አስተባብራ ትጠራዋለች (ዘዳ. 14፤ 26)። ሕዝቡ ቢጸና ሌዋዊው ይጠግባል፤ ሕዝቡ እግዚአብሔርን ቢረሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚራበው ሌዋዊው ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ውርስ ለኵራት ብሎ አይሻውም።

የሥራው አከፋፈልም ይህንኑ ያሳያል። ለአገልግሎት የተቈጠሩት ከ30 እስከ 50 ዓመት ያሉት ሌዋውያን 8,580 ነበሩ (ዘኍ. 4)። የጌድሶን ልጆች መጋረጃዎቹን፥ የሜራሪ ልጆች ሳንቃዎቹንና ምሰሶዎቹን፥ የቀዓት ልጆች ግን ታቦቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን ይሸከሙ ነበር። አለቆቹ 6 ሰረገሎችና 12 በሬዎች ባመጡ ጊዜ ሙሴ 2ቱን ሰረገሎች ለጌድሶን፥ 4ቱን ለሜራሪ ሰጠ፤ ለቀዓት ልጆች ግን አንዳች አልሰጣቸውም፤ ቅዱሱን ነገር በትከሻቸው መሸከም ይገባቸው ነበርና (ዘኍ. 7)። ከታቦቱ እጅግ የቀረበው ወገን ሰረገላ የተከለከለው ነው። ሳይሸፈንም ቢያየው ወይም ቢነካው ይሞት ነበር። መቅረቡ ሸክሙንም ፍርሀቱንም አበዛበት።

እንግዲህ ክህነት በትውልድ መወሰኑ ጥቅም ነበረው። ማንም በገንዘብ እንዳይገዛው፥ በጕልበት እንዳይነጥቀው፥ ንጉሥም ለወደደው እንዳይሸልመው አጥር ሆኖለታል። ኢዮርብዓም ከእስራኤል ነገሥታት ይህን አጥር አፍርሶ ከሌዊ ያልተወለዱትን በፈቃዱ ካህናት ባደረገ ጊዜ ክህነት የቤተ መንግሥት ሎሌ ሆነ (1ኛ ነገ. 12)። እንዲሁም ልጅ ከአባቱ እግር ሥር ሆኖ ሕጉንና ሥርዓቱን እየተማረ ስለሚያድግ የትውልዱ ሐረግ የትምህርት ሐረግም ነበረ። ይህ ሁሉ ግን የክህነትን ሥራ ስለ መጠበቅ የተደረገ ነው። ከሌዊ የተወለደው ሰው ከዳን ከተወለደው ይልቅ በእግዚአብሔር ዘንድ የከበረ ነው የሚል ቃል በኦሪት አናገኝም።

3. አጥንታቸው ያላዳናቸው

ከአሮን አራት ልጆች ሁለቱ ናዳብና አብዩድ ያልታዘዙትን እሳት በእግዚአብሔር ፊት ቢያቀርቡ ከእግዚአብሔር ዘንድ በወጣች እሳት ሞቱ (ዘሌ. 10)። በትውልድ ከእነርሱ የሚበልጥ አልነበረም፤ የአሮን በኵርና ታናሹ ነበሩና። የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስም በሴሎ ካህናት ሆነው የሕዝቡን መሥዋዕት ገና ሳይቃጠል በሜንጦ እየነጠቁ ወሰዱ፤ የእግዚአብሔርንም ቍርባን በሰው ዘንድ አስናቁ (1ኛ ሳሙ. 2)። ሁለቱም በአንድ ቀን በጦርነት ሞቱ፤ ታቦቱም ተማረከ። የዔሊ ቤት ከክህነት መውጣቱ የተፈጸመው ሰሎሞን አብያታርን ወደ ዓናቶት ሰድዶ በስፍራው ሳዶቅን ባቆመ ጊዜ ነው (1ኛ ነገ. 2)።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊያስደነግጠን የሚገባ ግን በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈው የሚካ ታሪክ ነው (መሳ. 17–18)። ሚካ በተራራማው በኤፍሬም አገር የሚኖር ሰው ሲሆን በቤቱ የተቀረጸ ምስል አቁሞ ከልጆቹ አንዱን ካህን አድርጎት ነበር። በኋላ ከቤተ ልሔም ይሁዳ የተሰደደ አንድ ወጣት ሌዋዊ ሲያልፍ አገኘና በዓመት 10 ብር፥ ልብስና ምግብ ሊሰጠው ተዋውሎ ለዚያ ምስል ካህን አደረገው። ከዚያም ሌዋዊ ካህን ስላገኘ እግዚአብሔር መልካም እንደሚያደርግለት ተስፋ አደረገ። ምስሉን አላስወገደም፥ ሕጉን አልጠየቀም፥ ንስሐም አልገባም፤ የቀረው የካህኑ አጥንት ብቻ መስሎት ነበር፤ አጥንቱም ተገኘለት። የዳን ሰዎች መጥተው የአንድ ነገድ ካህን ብትሆን ይሻልሃል ቢሉት ያ ሌዋዊ ደስ ብሎት የጌታውን ምስል ይዞ ተከተላቸው።

ይህ ሰው ማን ነበር? መጽሐፉ በመጨረሻ ስሙን ሲገልጥ ዮናታን የጌርሳም ልጅ ይለዋል። በዕብራይስጡ መጽሐፍ የአያቱ ስም ሙሴ የሚለው ሲሆን፥ ጸሐፍት አንዲት ፊደል ከመስመሩ ከፍ አድርገው በመስቀል ምናሴ ተብሎ እንዲነበብ አድርገዋል፤ ይህም ለሙሴ ክብር በመሳሳት እንደ ሆነ የአይሁድ መምህራን ተናግረዋል። የሊቀ ነቢያት ዘር ለተቀረጸ ምስል በ10 ብር ተቀጠረ። ከዚህ የሚበልጥ አጥንት ከወዴት ይገኛል? ከዚህስ የሚበልጥ ውድቀት ምን አለ?

በአንጻሩ ደግሞ የሳሙኤልን ትውልድ እንመልከት። የአባቱ የሕልቃና ቤት በኤፍሬም አገር የሚኖር ሲሆን፥ በ1ኛ ዜና መዋዕል 6 የተጻፈው ሐረግ ከቀዓት ወገን፥ ይልቁንም ከቆሬ ልጆች መሆኑን ይገልጣል። ቆሬ በሙሴና በአሮን ላይ ተነሥቶ ምድር አፏን ከፍታ የዋጠችው ነው። ልጆቹ ግን ከእርሱ ጋራ አልሞቱም (ዘኍ. 26)። ከዚያ ከተናቀው ሐረግ ሳሙኤል ተወለደ፤ በዔሊ ልጆች ፈንታም እስራኤልን መራ። የሳሙኤል ልጆች ኢዮኤልና አብያ ደግሞ መማለጃ ተቀብለው ፍርድ አጣመሙ (1ኛ ሳሙ. 8)። የዚያው የኢዮኤል ልጅ ኤማን ግን በዳዊት ዘመን በእግዚአብሔር ቤት የመዘምራን አለቃ ሆነ። እኛም በየዕለቱ የምንደግመው ዳዊት ውስጥ የቆሬ ልጆች የሚለው አርእስት በብዙ መዝሙራት ላይ ተጽፎ ይገኛል። የዐመፀኛው ስም እስከ ዛሬ በምስጋና ራስ ላይ ይነበባል። አባት ልጁን አላጸደቀም፤ አባትም ልጁን አልኰነነም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ያስተማረው ይህንኑ ነው።

4. የቆሬ ክርክር

እስከዚህ የተናገርነውን ሰምቶ፥ «እንግዲያስ ቆሬ እውነቱን ነበር፤ ሁሉ ቅዱስ ከሆነ ማንም ወደ መሠዊያ ቢቀርብ ምን ይከለክለዋል?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ይህ የተቃውሞ ቃል መልስ ይገባዋል።

ቆሬ ማኅበሩ ሁሉ ቅዱሳን ናቸው ሲል ሐሰት አልተናገረም፤ እስራኤል ሁሉ የተቀደሰ ሕዝብ እንዲሆኑ በሲና ተነግሯቸው ነበርና (ዘጸ. 19)። ስሕተቱ ከእውነተኛ መነሻ ወደ ሐሰተኛ መድረሻ መሄዱ ነው። ቆሬ ራሱ ከቀዓት ወገን፥ ታቦት ከሚሸከሙት አንዱ ነበር፤ ለሙሴና ለአሮንም በአባት በኩል የአጎት ልጅ ነው። ሙሴም የመለሰለት ሌዋዊ ሆኖ መቅረቡን እንደ ጥቂት ቈጥሮ ክህነቱን ደግሞ መፈለጉን በመንቀፍ ነው (ዘኍ. 16)። ስለ ሕዝቡ የተናገረ መስሎ ስለ ራሱ ተናገረ። ከእርሱም ጋራ የተባበሩት ዳታንና አቤሮን ከበኵሩ ከሮቤል ነገድ መሆናቸውን ስናይ፥ የብኵርናን አጥንት ቈጥረው የተነሡ መሆናቸውን መጠርጠር አይከብድም። ስለዚህ በቆሬ ሰፈር ሁለቱ ክፉ ነገሮች ተገናኝተዋል፤ አንዱ ክብርን በአጥንት መሻት፥ ሁለተኛው ያልተሰጠውን በራስ ፈቃድ መውሰድ ነው።

ክህነት በአጥንት አይመዘንም ማለት እንግዲህ ማንም ተነሥቶ ይንጠቀው ማለት አይሆንም። ነቢዩ አሞጽ የነቢይ ልጅ አልነበረም፥ ከቴቁሔ የመጣ እረኛ ነበር፤ ቢሆንም በራሱ ፈቃድ አልተነሣም፥ እግዚአብሔር ከመንጋው ኋላ ወሰደው እንጂ (አሞ. 7)። በእስራኤል ክህነት በትውልድ፥ ነቢይነት በመጠራት ይሰጥ ነበር፤ ሁለቱንም ግን ሰው ይቀበላቸው ነበር እንጂ ለራሱ አይወስዳቸውም ነበር።

5. ያልተገኘው የትውልድ መጽሐፍ

ከባቢሎን ምርኮ ከዘሩባቤል ጋራ የተመለሱት ካህናት ከአራት ቤተ ሰቦች ሲሆኑ ቍጥራቸው 973፥ 1,052፥ 1,247 እና 1,017፥ በድምሩ 4,289 ነበር፤ ሌዋውያኑ ግን 74 ብቻ ነበሩ (ዕዝ. 2)። ዕዝራ ራሱ በኋላ ሲመለስ በወንዙ ዳር ሕዝቡን ቢመረምር ከሌዊ ልጆች አንድ ስንኳ አላገኘም፤ ልኮ በብዙ ድካም 38 ሌዋውያን አስመጣ (ዕዝ. 8)። ርስት የሌለው፥ ሸክም ያለበት ትውልድ መሆኑን ስለሚያውቁ አብዛኞቹ በባቢሎን መቅረትን መረጡ ብለን ብናስብ ከእውነት የራቅን አንሆንም። አጥንት ከነበራቸውም ውስጥ ለሸክሙ የተነሡት ጥቂቶች ነበሩ።

በዚያው ጊዜ የኤብያ፥ የአቆስና የቤርዜሊ ልጆች የተባሉ ሦስት ቤተ ሰቦች ካህናት ነን ብለው መጡ። የትውልድ መጽሐፋቸው ተፈልጎ ስላልተገኘ፥ ኡሪምና ቱሚም ያለው ካህን እስኪነሣ ድረስ ከቅዱሱ መብል እንዳይበሉ ተከለከሉ። ፍርዱ ጠንካራ ቢሆንም ማስተዋል የተሞላበት ነው። ዐመፀኞች ናችሁ አልተባሉም፤ ከጉባኤው አልተባረሩም፤ የእስራኤልነት ክብራቸውም አልተነካም። የተጠየቀው ሥልጣናቸው ነው፤ እርሱም ቢሆን ለእግዚአብሔር ፍርድ ቀጠሮ ተሰጠው። በአካሉ ነውር ያለበት የአሮን ልጅም ወደ መሠዊያ እንዳይቀርብ ሲከለከል ከቅዱሱ መብል እንዲበላ ተፈቅዶለት ነበር (ዘሌ. 21)። ሥልጣን ሌላ፥ ክብረ ነፍስ ሌላ መሆኑን ኦሪት በዚህ ሁሉ ታስተምራለች። እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ሰው ነው ወንድሙን ስለ አባቱ የሚንቀው።

6. ከይሁዳ የወጣው ሊቀ ካህናት

ዘመኑ በደረሰ ጊዜ ዮሐንስ መጥምቅ ከአብያ ምድብ ካህን ከነበረው ከዘካርያስና ከአሮን ልጆች ከሆነችው ከኤልሳቤጥ ተወለደ። በአባቱም በእናቱም የክህነት አጥንት ያለው እርሱ ነው፤ ሆኖም ስፍራው በረሃ ሆነ። ሕዝቡም በአብርሃም አባትነት እንዳይመኩ፥ እግዚአብሔር ከድንጋይ እንኳ ለአብርሃም ልጆች ማስነሣት እንደሚችል ያስተማረ እርሱ ነው (ሉቃ. 3)። አጥንት የሌለው ሰው አጥንትን ቢነቅፍ ምቀኝነት ነው ይባል ይሆናል፤ የነቀፈው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ባለ አጥንት ነው።

ጌታችንም በሥጋ የተወለደው ሙሴ ስለ ክህነት ምንም ካልተናገረለት ከይሁዳ ነገድ ነው። ክህነቱም የትውልዱ ቍጥር ባልተጻፈለት በመልከ ጼዴቅ ሥርዓት መሆኑን የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 7 ያስረዳል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም በሮማውያን እጅ ስትፈርስ የመቅደሱ መሥዋዕት ቀረ። በአይሁድ ዘንድ ከአሮን ቤት ነን የሚሉ ቤተ ሰቦች እስከ ዛሬ በምኵራብ ሕዝቡን ይባርካሉ፤ የሚሠዉበት መሠዊያ ግን የላቸውም።

በሐዲስ ኪዳን ክህነት የሚሰጠው በአንብሮተ እድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ለኤጲስ ቆጶስና ለዲያቆን የሚገባውን ሲዘረዝር ስለ ትዳሩ፥ ስለ ልጆቹ አስተዳደግ፥ እንግዳ ስለ መቀበሉ፥ ገንዘብ ስላለመውደዱ፥ በውጭ ባሉትም ዘንድ ስላለው መልካም ስም ይጠይቃል (1ኛ ጢሞ. 3)፤ ስለ ነገዱ ግን አንድ ቃል አያነሣም። እርሱ ራሱ ከብንያም ነገድ ነበረ። የቆጵሮሱ ሌዋዊ በርናባስም በሐዋርያት ዘንድ የታወቀው መሬቱን ሽጦ ዋጋውን በእግራቸው አጠገብ በማስቀመጡ ነው (ሐዋ. 4)፤ የሌዊን ርስት አልባነት በፈቃዱ ፈጸመው።

የእኛ ሊቃውንት ክብረ ነገሥትን ይዘው የሳዶቅ ልጅ ዓዛርያስ ከእስራኤል በኵሮች ጋራ ከምኒልክ ጋራ መምጣቱን ይተርካሉ፤ ይህንንም ከአባቶቻችን በክብር ተቀብለነዋል። ዛሬ በምንቀድስበት ክህነት ግን ሥልጣኑን ያገኘነው በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ በእስክንድርያ እጁን ከጫነበት ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ከጢሮስ የመጣ፥ በልጅነቱ ተማርኮ ወደ አክሱም የገባ ባዕድ ነበር። በዚያን ጊዜ አጥንቱ ይቈጠር ተብሎ ቢሆን ኖሮ እኛ ሁላችን ዛሬ ከየት በተቈጠርን ነበር?

7. ለዚያ ጉባኤ ልንሰጠው ይገባን የነበረ መልስ

አሁን ወደ ቀጥቃጩ ልጅ እንመለስ። ሌዋውያን በትከሻቸው የተሸከሙትን ታቦት፥ መቅረዙንና ንዋያተ ቅድሳቱን በእጁ ያበጀው ከይሁዳ ነገድ የሆነው ባስልኤል ነበር፤ ረዳቱም ከአገልጋይቱ ከባላ ልጅ ከዳን ነገድ የሆነው ኤልያብ ነው። ወርቅና ብር ናስም ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት የተነገረለት እርሱ ባለ እጁ ነው (ዘጸ. 31)። እጀ ሠሪ የሠራውን ካህን ተሸክሞታል። መዶሻና ጕጠት የያዘ እጅ ለመቅደስ አይበቃም የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ ገልጦ ያንብብ። በዚያን ቀን ለሽማግሌው ይህን በትሕትና ብንነግራቸው ምናልባት ይሰሙን ነበር፤ ብሉዩን ሐዲሱን የሚያውቁ፥ እግዚአብሔርንም የሚፈሩ ሰው ነበሩና። ያላወቁት የቆየውን የአገር ልማድ ከኦሪት ሥርዓት ጋራ አንድ አድርገው መያዛቸውን ነው። እኛ ደግሞ ይህን እያወቅን ዝም አልን፤ የማን ጥፋት እንደሚበልጥ እግዚአብሔር ይፈርዳል።

ከካህን ቤት ለተወለዳችሁ ልጆች የምንለው ይህ ነው፤ አባቶቻችሁ ያወረሷችሁ የሚያስመካ ስም አይምሰላችሁ፥ በእናንተ ላይ የተጻፈ ዕዳ ነውና በትምህርትና በምግባር ክፈሉት። ከተናቀ ቤት ለተወለዳችሁም፤ ከቆሬ ሐረግ ሳሙኤል መወለዱን አስቡ፥ ሳትጠሩ አትነሡ፥ ስትጠሩም በአባታችሁ ምክንያት አታፍሩ። የሚመርጡ አባቶችና ሽማግሎችም የሚመጣውን ወጣት በጥብቅ ይመርምሩት፤ ንባቡን፥ ሃይማኖቱን፥ ጠባዩን፥ ለድኻ ያለውን ርኅራኄ ይመርምሩ። ምርመራው ይክበድ እንጂ አይቅለል፤ የሚመረመረው ግን ሰውዬው ይሁን።

የሌዊ ልጅ ከባድ ጥያቄ ሲቀርብበት የትውልዱን መጽሐፍ ከማኅደር አውጥቶ ማሳየት ይችል ነበር። እኛ የሐዲስ ኪዳን ካህናት ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለንም። ማን ነህ ተብለን ብንጠየቅ የምናሳየው አኗኗራችንን ብቻ ነው፤ ይህን መጽሐፍ ደግሞ ሕዝቡ በየቀኑ ያነብበዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።